ዶሮዋ ምክር ቤት ስትገባ

ሲሉ የሰማነውን እንላለን፤ ያየ ካለ ያርመን።

ሰልቃ የሚባል ወንዝ አለ። ክረምት ሲገባ ሞልቶ አገር ከአገር ያቆራርጣል። መሻገር የግድ የሆነበት ሰው የበቅሎ ጅራት ይዞ ይገባል፤ ከነበቅሎው የሚቀርም አለ። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል እህቷን ሰልቃ ከወሰደባት ወዲህ፣ «ድልድይ ሳላሠራ አልሞትም» ብላ ማለች። ሴትም ለምክር ቤት ትመረጣለች ሲባል ብትሰማ ተነሣች። ባሏ አያ ወንድይፍራው ፊደል ያልቆጠረ፣ ቃል ከአፉ የማይወጣው ሰው ነው። «ሂጂ» አላት። በዚያ ዓመት የተናገረው ይኸው ነው ይባላል።

ያን ጊዜ ማንበብ ለማይችለው መራጭ ሲባል ለየተወዳዳሪው ምልክት ይሰጥ ነበር። ፊታውራሪ ይርዳው አንበሳውን ወሰዱ። ለእሷ መዝጋቢዎቹ እየተሳሳቁ ዶሮ ሰጧት። በገበያ ቀን ፊታውራሪ ከበቅሏቸው ሳይወርዱ፣ «አገሬ! አንበሳ እያለ ዶሮ ትመርጣለህ?» ቢሉ ገበያው በሳቅ ፈረሰ። አያ ወንድይፍራው አንገቱን ደፋ። እሷ ግን የእህል ስልቻ ላይ ወጥታ፦

«እውነታቸውን ነው። ዛሬ ማታ አንበሳውን ከልጆቹ ጋር የሚያሳድር ሰው አንበሳውን ይምረጥ።»

ዶሮዋ አሸነፈች።

አዲስ አበባ ገቡ። አያ ወንድይፍራው ጃንጥላዋን ይዞ፣ አገልግሏን አንጠልጥሎ እስከ ምክር ቤቱ በር ሸኛት። ዘበኛው ለእሱ እጅ ነሣና፣ «እንደራሴው ይግቡ፤ ባለቤትዎ በጓሮ ይጠብቁ» አለ። ሰውየው «እኔ አይደለሁም» ሊል ቃሉን ሲፈልግ በሩ ተዘጋበት። ከፋይ የለበሰ ወንበር ላይ አስቀመጡት። ሌላው ሲያጨበጭብ አጨበጨበ፤ ሌላው እጁን ሲያወጣ አወጣ። ቀትር ላይ አገልግሉን ፈትቶ ጎረቤቱን ሲያጎርስ ነው የታወቀበት። የምክር ቤቱ ሰብሳቢ እሷን አስጠርተው፣ «ምን ያለ ነውር ነው! ይህን ያህል ሰዓት አብሮን ሲቀመጥ እንዴት ሳንለየው ቀረን?» ብለው ጮኹ።

«በምን ይለዩታል ጌታዬ? እሱም ዝም ብሎ ተቀምጦ እጁን ሲያወጣ ነው የዋለው።»

የድልድዩ ነገር ቀረበ። ግማሹ እጁን አወጣ፣ ግማሹ አላወጣም፤ የቀኛዝማች እንግዳሸት እጅ ብቻ ቀረ። እኚህ ሰው ሴት በተናገረች ቁጥር ካባቸውን ተከናንበው የሚያንቀላፉ ናቸው። ነቅተው፣ «ሴት የፈራችው ወንዝ ሁሉ ድልድይ ሊሠራለት ነው? ሄጄ ሳላይ እጄን አላወጣም» አሉ።

«ይምጡ፤ ግን በሐምሌ ይምጡ።»

በሐምሌ ከምክር ቤቱ ጸሐፊ ጋር መጡ። ሰልቃ ግንድ እየገነደሰ ይወርዳል። «ቀኛዝማች፣ ይቅርብዎ» ቢባሉ፣ «ወንድ ነኝ!» ብለው የበቅሏቸውን ጅራት ጨብጠው ገቡ። መሐል ላይ በቅሎዋ ሐሳቧን ለውጣ ወደ ኋላ ተመለሰች፤ ጅራቱም አመለጣቸው። ባርኔጣቸው ቀድሟቸው ማዶ ደረሰ። አያ ወንድይፍራው ሮጦ ጠፍር ወረወረና፣ «ያዝ!» አለ፤ ሁለተኛዋ ቃሉ መሆኗ ነው። ቀኛዝማች ጠፍሩን በአንድ እጃቸው አንቀው፣ ሌላውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «እመ ብርሃን ድረሽ!» ሲሉ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ወደ ጸሐፊው ዞረች፦

«ጻፍ፤ ቀኛዝማች እጃቸውን አውጥተዋል።»