ከሰው ፊት የተጠረበ ፊት

በሮም አዲስ የነገሠ ቄሳር የቀድሞው ቄሳር ስም ከየድንጋዩ እንዲፋቅ፣ በአደባባይ የቆመው የዚያው ቄሳር ሐውልትም ፊቱ ተጠርቦ የአዲሱን መልክ እንዲይዝ አዘዘ። አንድ ድንጋይ ጠራቢ ስምንት ቀን ቀጥቅጦ ጨረሰ። ቄሳሩ መኳንንቱን አስከትሎ ሊያይ ቢመጣ፣ በዚያ ሰፊ ትከሻ ላይ ሎሚ የምታህል ጭንቅላት ጉብ ብላ ጠበቀችው። መኳንንቱ ሳቃቸውን በልብሳቸው ጫፍ ሸፈኑ።

«አንተ ሞላጫ! የዚያ ወራዳ ራስ ጋን ያህል ነበር፤ የኔን ለምን አሳነስከው? መልስ ከሌለህ እጅህ ይቆረጣል!» አለው።

ጠራቢው መሮውን አስቀመጠና፣ «ጃንሆይ፣ አዲስ ድንጋይ መቼ ሰጡኝ? የሌላ ሰው ፊት ተፍቆ የወጣ ፊት ከበፊቱ አይበልጥም። ግን አይክፋዎት፤ የሚቀጥለው ቄሳር ደግሞ ከእርስዎ ፊት ስለሚጠረብ፣ ከእርስዎም ያንሳል» አለ።