ልጁን የከሰሰው አህያ

አንድ ጊዜ፣ ከአንዲት ምንጭ በቀር ውኃ በሌለበት ቆላ፣ እንስሳት በአያ አንበሶ ዳኝነት ይተዳደሩ ነበር። ፍርዱን የሚሰጠው አንበሳ ቢሆንም፣ አጥፊውን ፈልጎ ችሎት ፊት የሚያቆመው ዐቃቤ ሕጉ ነበር። ዐቃቤ ሕጉንም የሚሾመው አንበሳ ራሱ ነው። መጀመሪያ ነብርን ሾመ፤ ነብር ጥፍር ያለውን ከሶ አያውቅም። ቀጥሎ እመት ቀበሮን ሾመ፤ እሷ ደግሞ ያበላትን እየማረች ያላበላትን ስትከስ ኖረች። በመጨረሻ እንስሳቱ ተመካክረው፣ «ጌታችን፣ ዳኝነቱ የእርስዎ ይሁን፤ ከሳሹን ግን እኛው እንምረጥ» አሉት። አንበሳም ስሞታው አሰልችቶት ነበርና ፈቀደ። በየሁለት ክረምቱ እያንዳንዱ ጠጠሩን በወደደው እጩ ቅል ውስጥ እንዲጥል ተስማሙ።

በመጀመሪያው ምርጫ አያ አህያ አሸነፈ። «ሥጋ አይበላ፣ ጉቦ አይቀምስ፤ ጆሮው ደግሞ የሩቁን ይሰማል» አሉ መራጮቹ።

አህያ ደስ አለው። ዕድሜውን ሙሉ ማንም ከቁም ነገር ቆጥሮት አያውቅም። የወለዳት በቅሎ እንኳ «አባትሽ ማነው?» ሲሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» እያለች አንገቱን ታስደፋው ነበር። ሹመቱ ወዳጅ ያመጣልኛል ብሎ ተስፋ አደረገ። ነገር ግን ግልገል የሰረቀውን አያ ጅቦን ከሶ ካስቀጣ ወዲህ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። እንስሳቱ ተሰብስበው ወደሚያወጉበት የሾላ ጥላ ብቅ ሲል ወሬው ይቋረጣል። ሚዳቋ «ልጆቼን ትቻቸው መጥቼ» ብላ ትነሳለች። ከርከሮ እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል። እያሉ እያሉ ሁሉም ይሄዱና፣ ያ ሁሉ ጥላ ለአህያ ብቻውን ይቀርለታል።

በሁለተኛው ዓመት ድርቅ ሆነ። ምንጯ ቀጠነች፤ ሁሉም በተራው እንዲጠጣ ታዘዘ። በቅሎ ግን ተራዋን አልጠበቀችም። ከፊቷ የቆመችውን ፍየል በርግጫ ብላ እግሯን ሰበረቻት።

ፍየል እያነከሰች አህያ ዘንድ ደረሰች። «አያ አህያ፣ የረገጠችኝ ልጅህ ናት። እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አለችው።

ቀትር ላይ ደግሞ በቅሎ መጣች። አንገቷን አንገቱ ላይ ጣል አድርጋ፣

«አባዬ» አለችው።

ሣር ያኝክ የነበረው የአህያ አፍ ቀጥ አለ።

«ምን አልሽ ልጄ?»

«አባዬ አልኩህ። የፍየሏን ነገር እንዳልሰማህ እለፈው። ከእንግዲህ ካንተ ጋር ነው የምግጠው። ማንም ቢጠይቀኝ፣ አባቴ አህያ ነው እላለሁ።»

ይህችን ቃል ስንት ዓመት እንደጠበቃት የሚያውቀው አህያ ብቻ ነበር።

«ፍየሏ ከዛሬ ጀምሮ እንዴት ብላ ውኃ ትወርዳለች?» አላት በመጨረሻ።

«እኔ ምን አገባኝ?»

«እኔን ግን ያገባኛል ልጄ። የመረጡኝ ለዚህ ነው።»

በቅሎ አንገቷን ከአንገቱ ላይ አነሳች። ጀርባዋን ሰጥታው ሄደች።

በማግስቱ ችሎት ተሰየመ። አንበሳ፣ «ተከሳሽ፣ አባትሽ ማነው?» ሲል ጠየቃት። በቅሎ አህያን ዓይን ዓይኑን እያየች፣ «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች። እንስሳቱ ሳቁ። አህያ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ፣ ክሱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሰማ። በቅሎ፣ የፍየሏ እግር እስኪድን በየቀኑ ውኃ እንድታመላልስላት ተፈረደባት።

የምርጫው ጊዜ ሲደርስ እመት ቀበሮ ከጉቶ ላይ ወጣች።

«ወገኖቼ፣ ለልጁ ያልራራ ለባዳ ይራራል? እኔን ብትመርጡኝ ሁላችሁም በሰላም ትተኛላችሁ!»

ጭብጨባው አስተጋባ። ቀበሮ ግን ጭብጨባውን ስላላመነችው ቅሏን ጮማ ቀባችና በጅብ ጆሮ፣ «አያ ጅቦ፣ ጮማ ጮማ የሚሸተው የእኔ ነው። ጠጠርህን እዚያ ጣል» አለችው።

ጅብ በተራው ወደ ቅሎቹ ሄደ። አሸተተ። ላስ አደረገ። ከዚያ ቅሉን ቆረጣጥሞ ዋጠው፤ በውስጡ የነበሩት ጠጠሮች መሬት ላይ ተዘረገፉ። ሁለት ብቻ ናቸው፤ የራሷ የቀበሮና የነብር።

«የእኔስ?» አለ ጅብ አፉን እየላሰ። «የእኔማ ከቅሉ ጋር ሆዴ ገብቷል መሰለኝ!»

የአህያ ቅል ግን ሞልቶ ፈሷል። በአደባባይ ለቀበሮ ያጨበጨበው ሁሉ፣ ብቻውን ሲሆን «ለልጁ ያላደላ በእኔ ላይ አያደላም» ብሎ ጠጠሩን ለአህያ ጥሎ ነበር።

ቆጣሪዋ ጦጢት የአህያን ማሸነፍ አወጀች። እልል አሉ። ከዚያም ሁለትም ሦስትም እየሆኑ፣ እየተጫወቱ ወደ ግጦሽ ተበተኑ። «አያ አህያ፣ አብረን እንሂድ» ያለው አልነበረም።

አህያ ብቻውን ሲያዘግም በቅሎ የፍየሏን ውኃ ተሸክማ ከፊት ለፊቱ መጣች። መንገዱ ጠባብ ነበርና እሾህ ውስጥ ገብቶ አሳለፋት።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ?» አላት።

መልስ ሳትሰጠው አለፈች። አህያ ኮቴዋ ከጆሮው እስኪጠፋ ድረስ ቆሞ አዳመጠ። ከዚያ፣ ከኋላው አቤቱታ ይዛ ወደቆመች ጥንቸል ዞረና፣ «እሺ፣ አንቺስ ምን ደረሰብሽ?» አላት።

ከዚህ የምንማረው፣ ሳያዳላ ለሚሠራ ሰው ድምፃችንን መስጠት ብቻ ሳይሆን፣ «ና፣ አጠገባችን ተቀመጥ» ማለትም እንደሚገባን ነው።