በዳዊት ማኅደር የተገኘው ደብተር

አንድ መምህር ነበረ፤ ሞተ።

አትደንግጥ ልጄ። ከሞቱ የጀመርኩት አንተ የጠየቅኸኝ ከሞት በኋላ ስለሚቀረው ስለሆነ ነው። «አባ፣ ጓደኛዬ ሕንፃ ሠራ፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጠመኔ ስጨርስ ኖሬ ምን ይቀርልኛል? ማስተማሩን ልተወው ወይ?» አልኸኝ። እሺ፤ ቁጭ በልና ስማ። በመሃል ብቻ እንዳታቋርጠኝ።

ይህ መምህር ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው አንደኛ ክፍልን ነው። ጓደኞቹ ርዕሰ መምህር ሆኑ፣ ከተማ ገቡ፤ እሱ እዚያው ሀ ሁ ሲያስቆጥር ሸበተ። ጡረታ ከወጣም በኋላ አንድ ልማድ አልተወም። ጠዋት ጠዋት የዳዊት ማኅደሩን በትከሻው አንጠልጥሎ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ከግቢው ጥድ ዛፍ ሥር ይቆምና ከቆዳው ማኅደር ያወጣውን ገለጥ አድርጎ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። አገሬው «ጋሼ ዳዊታቸውን እየደገሙ ነው» ይልና እጅ ነስቶ ያልፋል። ጠጋ ብሎ ያየ ሰው የለም። የሰው ዳዊት ማን አንገቱን አስግጎ ያያል?

በሞተ ጊዜ አጸደ የምትባል አንድ ልጁ ካገባችበት ከተማ መጣች። እንደምታውቀው፣ ሟች ሳይቀበር የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። እሱን ጻፊ ተባለች። ተወለደ፣ ተማረ፣ አስተማረ፣ ጡረታ ወጣ፣ አረፈ ብላ ጻፈች። ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም። ባለፈው ሳምንት ለተቀበረው ባለጸጋ አራት ገጽ ሙሉ፣ ያውም በድምፅ ማጉያ ተነብቦለት ነበር። አጸደ አፈረች፤ ከማፈሯም ይልቅ ተናደደች። የቆየ ቂም ነበራት። በሰባት ዓመቷ አባቷ ክፍል ገብታ ተምራለች። እዚያ ውስጥ «አባዬ» ማለት ክልክል ነው፤ እንደ ሌላው ልጅ «ጋሼ» ትላለች፣ ስሟ ሲጠራም እንደ ሌላው «አቤት» ትላለች። አንድ ቀን እንኳ ለይቶ አላያትም።

«የሰው ልጅ ሲያሳድግ የራሱን ረሳ» አለች እያለቀሰች። «ይኸው፣ ለወረቀት እንኳ የሚበቃ ነገር ሳይተው ሄደ።»

የዕድሩ ዳኛ ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን አየና፣ «ትንሽ ጨመር አድርጊበት እንጂ። ርዕሰ መምህር ነበሩ በይ፤ ሜዳልያም ስጫቸው። ሟች ተነሥቶ አያስተባብል!» አላት። እሷም፣ እግዜር ይቅር ይበላት፣ ጨመረች።

ሬሳው ከቤት ሳይወጣ ዳዊት ይደገም ተባለ። ቄሱም «በገዛ ዳዊታቸው ይደገምላቸው» አሉ። አጸደ ማኅደሩን ከግድግዳው አውርዳ ብትከፍተው ዳዊት የለም! ውስጡ የተማሪ ደብተር ነው፤ ወፍራም፣ ጠርዙ የተበላ፣ ከዳር እስከ ዳር በስም የተሞላ።

«ውይ በሞትኩት!» አለች አንዲት ጎረቤት። «ስንት ዓመት ዳዊት ደገሙ ስንል!»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አጸደ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለች። ግማሽ ገጽ ያልሞላው አባቷ ጸሎተኛነቱም ሊቀርበት ነው።

ቄሱ ደብተሩን ተቀበሏት። አንድ ገጽ ገለጡ፣ ሌላ ገለጡ፣ ከዚያ ከቆሙበት ተቀመጡ።

«ልጄ» አሉ፣ «ዳዊቱንማ በቃላቸው ያውቁት ነበር። እኔ ስሳሳት የሚያርሙኝ እሳቸው ነበሩ። ይህ ያስተማሯቸው ልጆች ስም ነው። አጠገቡ የተጻፈውን አየሽ? ዳምጤ አስረስ፤ ገብረ ማርያም ይላል። የክርስትና ስሙ ነው። ሰው ለጸሎት የሚጠራው በክርስትና ስሙ አይደል? ይኸውልሽ ደግሞ ሰዒድ ይመር። እሱ ሙስሊም ነው፣ የክርስትና ስም የለውም፤ ‹የዘይነባ ልጅ› ብለው በእናቱ ለፈጣሪ አስታወቁት። ጥዱ ሥር ሲሉት የኖሩት ይህንን ነው።»

አጸደ ያን ሜዳልያ የጨመረችበትን ወረቀት አጣጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ፍትሐቱ አልቆ «የሕይወት ታሪክ ይነበብ» ሲባል፣ ደብተሩን ይዛ ወጣች። ጉሮሮዋን ጠረገችና ልክ እንደ አባቷ ጮክ ብላ ስም መጥራት ጀመረች።

«ዳምጤ አስረስ!»

ሰዉ ግራ ገባው። ዳምጤ የስድስት ልጆች አባት ነው፤ ሬሳው ራስጌ ቆሟል። ሳያስበው አፉ ተከፈተና «አቤት!» አለ።

«ሰዒድ ይመር!»

«አቤት!» አለ አንድ ድምፅ፣ ከቅጥሩ ውጭ ከቆሙት መሃል።

ከዚያ ወዲያማ ማን ያቁመው! የሸበተው አቤት፣ ልጅ ያዘለችው አቤት፣ ሬሳ የተሸከመው አቤት። አንድ ስም ላይ ግን ዝም ተባለ። ከሴቶቹ መሃል አንዲት እናት ብድግ አለችና፣ «ቀርቷል ጋሼ! እዚያው ያገኙታል!» አለች። በዚያች ሰዓት ያላለቀሰ የለም።

አጸደ ገጹን ስትገልጥ የራሷን ስም አገኘችው። ከሌሎቹ መሃል ተሰልፏል፣ አልበለጠም፣ አላነሰም፤ አጠገቡም «ወለተ ሥላሴ» ይላል። ለካስ እሷንም በየጠዋቱ ሲጠራት ኖሯል!

«አጸደ ታፈረ!» ብላ ጠራች።

ዕድሜ ልኩን «ጋሼ» ብቻ ሲባል የኖረው ሰውዬ፣ ስሙ ያን ቀን በልጁ ስም ላይ ተሰማ። አጸደ «አቤት» ልትል ከንፈሯን አላቀቀች፤ ድምፅ አልወጣ አላት። ያን ጊዜ ግቢው በሙሉ፣ ከቅጥሩ ውጭ ያሉትም፣ ያ ሜዳልያ አዳይ ዳኛም ሳይቀር፣ ስለ እሷ ሆነው «አቤት!» አሉላት።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ማኅደር ያንተ ክፍል ነው። አላፊ አግዳሚው ውስጡ ምን እንዳለ አያውቅም፤ አንተም ባዶ መስሎህ ልትጥለው መጣህ። ውስጡ ያለው ሰው ነው። ሕንፃ የሠራው ጓደኛህ ሕንፃውን ቢጠራው አቤት አይለውም። ጠመኔው ያልቃል፤ እሱን አልክድህም።

ብትተውም እግርህን አላስርም። ብቻ ስም ስትጠራ ዓይንህን ከወረቀቱ አታነሣም አሉ፤ ልጆቹ ናቸው የነገሩኝ። ነገ ጠዋት ቀና በልና ፊት ፊታቸውን እያየህ ጥራ። «አቤት» ሲሉህ ደህና አድርገህ ስማቸው። ከዚያም ወዲያ ልተወው ካልክ ና ንገረኝ፤ እኔ እዚሁ ነኝ።