የደምሰው መጎተቻ

ሰው አቅሙን ሳያይ ሲንጠራራ የምንላትን ተረት ከቤተ መንግሥት የመጣች ናት የሚሉ አዋቂ ነን ባዮች አሉ። ሐሰት ነው! ተረቷ የተወለደችው ከአሸዋማ ወንዝ መሻገሪያ ላይ፣ የጭነት መኪና ተቀርቅሮ ነው።

በመሻገሪያው ዳር ደምሰው የሚባል በያጅ ይኖር ነበር። ከአሮጌ የመስኖ ሞተር፣ ከአንዲት ትንሽ የሃይድሮሊክ ፓምፕና ከገመድ መጠቅለያ የሠራው ማሽን ነበረው። ሞተሩ ፓምፗን ያንቀሳቅሳል፣ ፓምፗ ዘይት ትገፋለች፣ ዘይቱ መጠቅለያውን ያዞራል፤ አሸዋ የዋጠው መኪናም ይወጣል። ቀስ ይላል እንጂ ያቃተው መኪና አልነበረም። ሾፌሮቹ ግን "ኤሊ" አሉት።

ስሙ አንገበገበውና ደምሰው ቁርጥራጭ ብረት ነጋዴው ሙዘይን ዘንድ ሄደ።

"ከሎደር የወረደ ትልቅ ፓምፕ አለኝ" አለው ሙዘይን። "ሞተርህ ግን ይችለዋል?"

"ሞተሬን ለእኔ ተወው!"

ትንሿን ሰጥቶ ትልቁን ተሸክሞ ተመለሰ። ባዶውን ሲሞክረው ገመዱ እንደ ጅራፍ ተወንጭፎ ተጠቀለለ።

"አሁንስ ኤሊ ነው?" እያለ መንደሩን ሰበሰበ። አጨበጨቡለት። አጨብጫቢ መቼ ጠፍቶ ያውቃል!

በማግስቱ የሽንኩርት ገበሬዋ የዘነቡ ጭነት መኪና ወንዙ መሃል ተቀረቀረ። የዓመት ልፋቷ በሙሉ እላዩ ላይ ነው፤ የወንዙ ራስጌ ደግሞ በደመና ጠቁሯል።

"ደምሴ፣ የእኔ ጌታ፣ ጎርፉ ሳይመጣ!"

"ዓይንሽን ጨፍነሽ ሳትገልጪ አወጣልሻለሁ፣ እትዬ።"

ገመዱ ተወጠረ። ሞተሩ አጉረመረመ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ጠፋ። አስነሣው፤ ደግሞ ጠፋ። ትንሿ ፓምፕ ዘይቱን በጥቂት በጥቂቱ ስለምትልክ ሞተሩ ይችላት ነበር። ይኸኛው በአንድ ዙር የሚጎርሰውን ዘይት ያን ሁሉ ሸክም አስይዞ ለመግፋት ግን ጉልበት ከየት ይምጣ?

"በድሮዋ ኤሊ አውጣልኝ!" ብላ ጮኸች ዘነቡ።

"ለውጫታለሁ፣ እትዬ..."

ሰዉ ተረባርቦ ጥቂት ጆንያ በጀርባው አወጣ። ከዚያ ጎርፉ ደረሰና የቀረውን ሽንኩርት ከነመኪናው ይዞት ወረደ። ዘነቡ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በዓይኗ ሸኘችው።

ደምሰው ሞተሩን በእርግጫ መታው። "ይሄ ሰነፍ ነው ያዋረደኝ!"

ዳር ቆመው ሲያዩ የነበሩት ሽማግሌ፣ አባ ደርሶ፣ ሊደግመው ሲል በትራቸውን በእግሩና በሞተሩ መካከል አስገቡ።

"ምን አድርግ ትለዋለህ፣ ልጄ?" አሉት። "በጫጩት ሳንባ እምቢልታ አይነፋም።"