የትርንጎ እፍኝ አፈር

ተረት ተረት!

የላም በረት!

ምነው ድምፃችሁ ሰለለ? እራት ነፍገዋችሁ ነው እንዴ? የእኔ ተረት በጉርምርምታ አይወጣም። እስቲ እንደገና! ተረት ተረት!

የላም በረት!

እሰይ የኔ ልጆች! ጠጋ በሉና ስሙኝ።

በድሮ ዘመን ከአንድ ትልቅ ተራራ ሥር ቀጨሞ የምትባል መንደር ነበረች። ቀጨሞ አንድ ምንጭ ነበራት። ውሃው ከተራራው ይወርድና በቦይ ይሄዳል። መጀመሪያ የላይኞቹን ማሳ ያጠጣል። ከዚያም የመካከለኞቹን ያጠጣል። ከዚያማ ምን ይተርፋል? ከላይ ያሉትን ራስጌ ይሏቸዋል፤ ከታች ያሉትን ግርጌ። በክረምት ሁሉም እኩል ነው፤ ሰማይ አያዳላም። በበጋ ግን የራስጌ ሽንኩርት ይወፍራል፤ የግርጌው ይጠወልጋል። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

ከግርጌም ግርጌ፣ ቦዩ ከሚያልቅበት፣ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል። ፈጣሪ ልጅ አልሰጣትም። ያለቻት አንዲት ማሳ ናት። ያች ማሳ ከባሏ ጋር ድንጋይ ለቅመው፣ እሾህ ነቅለው ያቀኗት ናት። በጋ በመጣ ቁጥር ሽንኩርት ትተክላለች። ሲጠወልግባት እንስራ ተሸክማ ታጠጣዋለች። ማሳ በእንስራ ይጠግባል? አይጠግብም። እናም ያን ዓመት፦

«ዘንድሮም ከደረቀብኝ ቆላ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ» አለች።

ግን ማሳውን ጥላ ብትሄድ ባሏን ሁለተኛ የቀበረችው መስሎ ተሰማት።

ከማሳዋ አጠገብ የሙጭት ማሳ ነበር። ሙጭት አባትና እናቷን በአንድ በሽታ ያጣች ልጅ ናት። ታናናሾቿን የምታሳድገው እሷ ናት። ራሷ ገና ልጅ ሳለች እንደ እናት ትቆጣቸዋለች፤ እንደ እናት ታጎርሳቸዋለች። ታዲያ እሷን ማን ያጉርሳት? ትርንጎ ነበረች የምታጎርሳት። እሑድ እሑድ ፀጉሯን ትሠራላታለች፤ ሙጭትም በጭኗ ላይ ተኝታ እንቅልፍ ይወስዳታል። ትርንጎም ሹሩባው ካለቀ በኋላ እንኳ ዝም ብላ ፀጉሯን ትዳብሳለች፤ እንዳትነቃ ብላ።

ቀጨሞ የውሃ አባት ነበራት። የውሃ አባት ማለት ውሃውን በተራ የሚያከፋፍል ሰው ነው። ቦዩን የሚከፍተው እሱ ነው፤ የሚዘጋውም እሱ ነው። ሽማግሌው የውሃ አባት ሞቱና ሌላ መምረጥ ግድ ሆነ። በቀጨሞ ሹመት በጭብጨባ አልነበረም። እያንዳንዱ ቤት ከማሳው አንድ እፍኝ አፈር ይዞ ከዋርካው ሥር ይመጣል። ከዚያም የፈቀደው ሰው እግር ሥር ያፈሰዋል። «ማሳዬን በእጅህ አድርጌዋለሁ» ማለት ነው። አፈሩ የበዛለት ሰው ይሾማል።

ለሹመት ሁለት ሰዎች ተነሡ። አንደኛው ሽባባው ነው። ሽባባው ብልህ ነው፤ ክንዱም ብርቱ ነው፤ ምላሱማ አይጣል ነው።

«እኔ ብሾም ከምንጩ እስከ ግርጌ ሁለተኛ ቦይ እቆፍራለሁ። አንድ ሳምንት ከራስጌ ይጀመራል፣ አንድ ሳምንት ከግርጌ። ግርጌም እንደ ሰው ይጠጣል» አለ።

የግርጌ ሰው እልል አለ። ትርንጎም እልል ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው። ለምን ብትሉ፣ ሽባባው የሙጭት አጎት ነው። ማሳው ከልጆቹ ማሳ ጎን ነው። ወንድሙ በሞተ ሰሞን የድንበሩን ድንጋይ ከመሬት ነቅሎ ወደ ልጆቹ ማሳ ገፋው። አፈሩን በእግሩ ደለደለና ሄደ። ትርንጎ ጎህ ሲቀድ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ በዓይኗ አይታዋለች። ሰውም ያማዋል፤ ግን ደፍሮ የሚናገር የለም። አንዳንዱ ደግሞ፦

«ድንበር ከውሃ ጋር ምን አገናኘው? እኛ የምንሾመው የውሃ አባት ነው፣ የንስሐ አባት አይደለም» ይላል።

ሁለተኛው ሰው ልየው ነው። ልየው የሰው ሣር እንኳ አይነካም። ለትርንጎ በየዓመቱ ክረምት ሲገባ በሬውን ጠምዶ የሚያርስላት እሱ ነው። ግን ግትር ነው፤ አይ የሱ ግትርነት! ትርንጎ ከምርጫው በፊት ቤቱ ድረስ ሄደችና ጠየቀችው፦

«አያ ልየው፣ አንተ ብትሾም ውሃው ከግርጌ ይጀምርልናል?»

«አይጀምርም እቴ። አባቶቻችን ከራስጌ ጀምሩ ብለዋል። እኔ ማነኝና እሽራለሁ?»

«የኔ ሽንኩርትስ?»

«እጸልይልሻለሁ።»

«ሽንኩርት ጸሎት ጠጥቶ ያድራል?»

ልየውም፦

«የማላደርገውን አደርጋለሁ ብዬ አልዋሽሽም ትርንጎ» አላት።

ትርንጎ ተናዳ ወጣች። ደግነቱ አናደዳት። ክፉ ሰው ቢሆን ረግማው ትገላገል ነበር። ቤቷ ስትደርስ ሙጭት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ትርንጎም፦

«ልጄ፣ ምን ይሻለኛል? አፈሬን ለማን ላፍስሰው?» አለቻት።

ሙጭት የትርንጎን እጅ ያዘች። ከዚያም፦

«ለአጎቴ አፍስሺለት እትዬ። ያደረገንን አድርጎናል። ግን ውሃ ለኔም ያስፈልገኛል። ልጆቹ የሚበሉት ይፈልጋሉ። አንቺም ቆላ እንዳትሄጅብኝ» አለች።

ትርንጎ አቅፋት አለቀሰች። የተበደለችው ልጅ ራሷ እንዲህ ካለች እኔ ማነኝ አለች። በማግስቱ እፍኝ አፈሯን ይዛ ሄደችና ሽባባው እግር ሥር አፈሰሰችው። አፈሩ ደረቅ ነበርና አቧራው ቦነነ። የሽባባው ክምር በለጠ። ተሾመ።

እውነቱን እንነጋገር፤ ሽባባው ቃሉን ጠበቀ። ሰውን አስተባብሮ ቦዩን ቆፈረ። ዶማ ይዞ ፊት ፊት የሚሄደው እሱ ነበር። ከዚያም አንድ ጠዋት ውሃው እየተንኳለለ ግርጌ ደረሰ። ትርንጎ ጫማዋን አውልቃ ገባችበት። እንደ ልጅ ሳቀች። ሽንኩርቱም ጆሮውን አቀና፤ ማሳው አረንጓዴ ሆነ። ለባሏም፦ «አየህ፣ ደረሰልን» አለችው፣ የሚሰማት ይመስል።

ልጆቼ፣ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል።

ትንሽ ቆየና ትርንጎ አንድ ነገር አየች። ውሃው የሷን ማሳ ያጠጣል፤ የሽባባውን ያጠጣል። የሙጭትን ማሳ ግን ይዘላል። «ዛሬ አንሷል» ይላል ሽባባው፤ «ነገ» ይላል፤ «ሳምንት» ይላል። የልጆቹ ማሳ ተሰነጠቀ። ማሳው ከደረቀ ልጆቹ ይበተናሉ፤ ልጆቹ ከተበተኑ መሬቱ ለማን ይሆናል? ለአጎት ነዋ! ሙጭትም ቢቸግራት የመንደሩ ሽማግሌዎች ዘንድ ሄዳ ከሰሰች። የድንበሩንም ነገር ተናገረች። ሽማግሌዎቹ፦

«ድንጋዩ ሲነቀል ያየ ምስክር አምጪ» አሏት።

ያን ቀን ሽባባው ትርንጎ ቤት መጣ። ፈገግ ብሎ ነው የመጣው።

«እቴ ትርንጎ፣ ሽንኩርትሽ እንዴት አማረ!»

«እግዜር ይስጥህ አያ ሽባባው።»

«ሽማግሌዎቹ ቢጠይቁሽ አላየሁም ትያለሽ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ውሃሽም አይቋረጥም።»

ሌላ ምንም አላለም። መቆጣትም አላስፈለገው። ትርንጎ ከበሩ ላይ ቆማ ጀርባውን አየች። ያን ጊዜ ገባት። ውሃውን ሰጥቷት አልነበረም፤ አንገቷ ላይ እንደ ገመድ አስሮባት ነበር። ዝምታው ባይነቅዝ እንኳ ሆዷ ሊነቅዝ ነው። እሺ ብትል እነሙጭት ይበተናሉ። እምቢ ብትል ማሳው ይደርቃል፤ የባሏ ማሳ።

ትርንጎ ማሳዋ ውስጥ ገባችና ሽንኩርቷን እያየች ተቀመጠች። እያንዳንዷን ታውቃታለች። ከዚያም ተነሣች። ዶማዋን አነሣች። በሷና በሙጭት ማሳ መካከል ያለውን የአፈር ግድብ ቆርጣ ውሃዋን ወደ ልጆቹ ማሳ ለቀቀችው። ሙጭት ከቤት ሮጣ ወጣችና፦

«እትዬ ምን እያደረግሽ ነው? ይዘጋብሻል እኮ!» አለች።

«ይዝጋው! እስኪዘጋው ያንቺ ይጠጣ» አለች ትርንጎ።

ሽባባውም በማግስቱ ዘጋው።

ሽማግሌዎቹ ከዋርካው ሥር በተቀመጡ ጊዜ ትርንጎ መጣች። እየፈራች ነው የመጣችው፤ ጀግና ነበረች ብዬ አልዋሻችሁም። ከሰው ሁሉ ፊት ቆመችና፦

«አያ ሽባባው፣ አፈሬን መልስልኝ» አለች።

 በቀጨሞ አፈርን መልስ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ሰው እንዲህ ካለ የውሃ አባቱ ቆሞ ይሰማል፤ ሌላውም አፈሩን የሚጠይቅ ከሆነ ይጠይቃል፤ ብዙ ሰው ከጠየቀም ሹመቱ ይሻራል። ከአያቶቻቸው ወዲህ ደፍሮ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

«ቦይ ቆፈርኩልሽ! ውሃ አጠጣሁሽ! ምን በደልኩሽ?» አለ ሽባባው።

«ቦዩን ቆፍረሃል፤ አልክድም። ቦዩ ጥሩ ነው። ግን ድንጋዩን ስትነቅል አይቻለሁ። ይኸው ለአንተ ብዬ ዝም አልኩ፤ ለሽንኩርቴ ብዬ ዝም አልኩ። የወንድምህን ልጆች ማሳ በጠራራ ፀሐይ ታደርቃለህ። እኔንም በውሃዬ አፌን ልትዘጋው መጣህ። አፈሬን መልስልኝ።»

 ከዚያም አንዲት የራስጌ አሮጊት ተነሡ። «የኔንም» አሉ። ከዚያም አንድ ጎልማሳ፦ «የኔንም» አለ። ከዚያም ሌላው፣ ከዚያም ሌላው። ሽማግሌዎቹ ድንጋዩ ወደ ቦታው ይመለስ ብለው ፈረዱ። ሽባባውም አንገቱን ደፍቶ ከዋርካው ሥር ወጣ።

አሁን ማን ይሾም? ሰው ሁሉ ወደ ልየው አየ። የግርጌ ሰዎች ግን ትርንጎን ከበቧት፦

«አንቺ ሴትዮ፣ እሱ እኮ ውሃውን ከራስጌ ነው የሚጀምረው! ዳግም ልናርር ነው?»

ትርንጎም፦

«ከልየው ጋር እጣላለሁ። ነገ ከነገ ወዲያም እጣላለሁ። ግን ከሱ ጋር ተጣልቼ ቤቴ ገብቼ በሰላም እተኛለሁ። ከሽባባው ጋር ግን ተስማምቼ እንኳ እንቅልፍ አልነበረኝም» አለች።

እናም አፈሯን ለልየው አፈሰሰች።

እንዳለችውም ሆነ። ልየው ተሾመና ውሃውን ከራስጌ ጀመረ። አዲሱ ቦይ ደረቅ ሆኖ ተቀመጠ። የትርንጎ ሽንኩርት ግማሹ ጠወለገ። ትርንጎም ተጣላችው። መንገድ ላይ ስታገኘው ትጨቀጭቀዋለች፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስታገኘው ትጨቀጭቀዋለች።

«አባቶችህ ይህን ቦይ ሳያዩት ሞቱ! ቢያዩት ይከፍቱት ነበር!»

«ሂጂ ወዲያ አንቺ ሴት!»

«አልሄድም! ግርጌ ወርደህ እይ!»

ልየው ይነጫነጫል፤ ግን በሬውን አልከለከላትም፤ ተራዋንም አንድ ቀን እንኳ አልዘለለባትም። ተጣልታው ትገባለች፤ እንጀራዋን ትበላለች፤ ትተኛለች።

አንድ ቀን ልየው ከጭቅጭቋ ልገላገል ብሎ ግርጌ ወረደ። ማሳዋ ውስጥ ቁጭ አለና አፈሩን በእጁ ፈረፈረው። ወደ ሙጭትም ማሳ ሄደ። ታናናሾቿ የደረቀ ሽንኩርት ሲነቅሉ አያቸው።  ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እኔ እኮ ዕድሜዬን ሁሉ ራስጌ ኖሬ፣ እዚህ በበጋ ወርጄ አላውቅም» አለ።

ትርንጎ ልትናገረው የያዘችው ብዙ ነገር ነበር። ሰውዬው ሲያለቅስ ስታይ ግን ሁሉም ጠፋት።

በሳምንቱ ማለዳ ልየው ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ከአዲሱ ቦይ አፍ ቆመ። ትርንጎን አስጠራት። ሰውም ተሰበሰበ።

«እቴ ትርንጎ፣ ዛሬ ከግርጌ እጀምራለሁ። በሹመቱ ነገር ብዙ ደክመሻል። ካንቺ ማሳ ልጀምር?» አላት።

ትርንጎ ማሳዋን አየችው። የተረፈው ሽንኩርት አንገቱን ደፍቷል። ልቧ እሺ በይ እሺ በይ አላት። ከዚያም ዞር ብላ፣ ታናናሾቿን ይዛ የቆመችውን ሙጭትን አየች።

«ከልጄ ጀምር» አለች።

በሉ ልጆቼ፣ ተረቴን መልሱልኝ፣ አፌንም በዳቦ አብሱልኝ። ዳቦ ከሌለ የተጠበሰ በቆሎም ያብሳል፤ ጥርሴ አልችል ካለ እናንተ ትፈለፍሉልኛላችሁ።