ይህ ዝገት የት አደረ?

ተረት ተረት!

የላም በረት!

በሉ በረቱን ዝጉና ጠጋ በሉ።

በድሮ ዘመን፣ በአንድ ገደላማ አገር፣ ድንቁ የሚባል ቀጥቃጭ ነበር። ለአገሩ በር ጠባቂዎች አርባ ጩቤ ሠራ። ጠባቂዎቹም በዚያ ጩቤ ጠላትን ከበሩ መለሱ። ከዚያም ድንቁ ሞተና ሰዉ ልጁን ትርንጎን፦ ቡዳ ናት፣ ዓይኗ ይበላል፣ ብሎ አባረራት። ወንዝ ተሻገረች። በሰው አገር ጠጉሯ ሸበተ።

ዘመን አለፈና ደጃዝማቹ አዋጅ አስነገሩ፦ የጠባቂዎቹ አለቃ የተዋጋበትን ጩቤ ያመጣ ዘመድ፣ የበሩን ሹመትና የአለቃውን መሬት ይውሰድ። ሐሰተኛ ጩቤ ያመጣ ግን ከአገር ይውጣ።

ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ ባላምባራስ ቦጋለ ነው። ጩቤው በዝገት ቀልቷል። ሁለተኛዋ ዘርትሁን የምትባል ድሃ መበለት ናት፤ የአለቃው የልጅ ልጅ ነኝ አለች። የእሷ ጩቤ እንደ መስተዋት ያበራል። ሰዉ ሳቀ።

፦ አንቺ፣ ትናንት ከገበያ ገዛሽው እንዴ?

፦ ኧረ የአያቴ ነው! ጌታ ፊት ቆሻሻ ይዤ እንዴት ልቅረብ ብዬ፣ በአሸዋና በአመድ ፈተግሁት።

፦ ዕድሜውን ፈትገሽ ጣልሽው እኮ!

ደጃዝማቹ ግራ ገባቸው።

፦ የአለቃውን ጩቤ የሠራው ሰው ዘር የለውም? አሉ።

ከዚያም ትርንጎን በበቅሎ አስመጧት። ሰዉ ዳር ዳር ቆሞ፦ እንደምን ሰነበቱ፣ እማማ? አላት።

፦ ስታባርሩኝ ቡዳ፣ ስትቸገሩ እማማ! ደኅና ነኝ። ማንንም ሳልበላ አረጀሁ።

ዘርትሁንን አየቻት። ከአገር የሚያስወጣውን መንገድ ታያለች። ትርንጎ ያን መንገድ ታውቀዋለች። ሄዳበታለች።

የባላምባራስን ጩቤ መዘዘችና የአፎቱን ውስጥ በነጭ ጨርቅ ጠረገች። ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ወጣ።

፦ ባላምባራስ፣ ይህ ዝገት የት አደረ? አፎቱ ውስጥ ቢያድር ኖሮ አፎቱም ይቀላ ነበር። ይህ የሎሚና የጨው ዝገት ነው፤ ገና ሳምንትም አልሞላው።

፦ የቀጥቃጭ ልጅ በጨዋ ላይ ልትፈርድ ነው?

፦ እኔ አልፈርድም። አባቴ ይፍረድ። እጀታውን በሙጫ ሲያጣብቅ፣ እንዳይሰነጠቅ የእኔን ጠጉር ጎንጉኖ ይከትበት ነበር። ሁለቱንም ፍለጡ።

የባላምባራስ ተፈለጠ። ደረቅ ሙጫ ብቻ። የዘርትሁን ተፈለጠ። ቀጭን የልጅ ጉንጉን ወጣ፤ ጥቁረቱ እንዳለ ነው። ትርንጎ አንስታ ከሽበቷ ጎን ያዘችው።

፦ አያችሁ፣ ጨዋዎች! አርባ ጀግና ያዳናችሁ የቡዳ ልጅ ጠጉር ጨብጦ ነው።

ባላምባራስ ከአገር ወጣ። ዘርትሁን በሩንና መሬቱን ተረከበች። ትርንጎም ሙጫ አፍልታ ጉንጉኑን መለሰችና፣ ከሽበቷ አንድ ዘለላ ጨመረችበት።

፦ ከእንግዲህ እንዳትፈትጊው፣ ልጄ።

ደጃዝማቹ፦ እማማ፣ የዚህ ጩቤ ዋጋው ምን ያህል ነው? አሉ።

፦ አንድ ስም። በግብር ቀን የጀግኖቹ ስም ሲጠራ፣ የአባቴም ይጠራ።

የግብሩ ቀን አጋፋሪው፦ ቀጥቃጭ ድንቁ! ብሎ ተጣራ። አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። ትርንጎ ወገቧን አቅንታ ሰማች። ከዚያም፦ እዚሁ ይቅሩልን፣ እማማ፣ ቢሏት፣ በቅሎዋን አስጭና ወንዟን ተሻገረች። ዞራም አላየች።

እኔ ተረቴን ከአፎቱ አወጣሁ፤ እናንተም ዳቦውን ከሌማቱ አውጡልኝ።