የሕይወት ታሪክ አንባቢው

አንድ ሰው ነበር ወገኖቼ፤ ባሕር ዳር የሚኖር፣ ጡረታ የወጣ መምህር። ስሙን አልነግራችሁም፤ ዛሬም በሕይወት አለ። ደግሞም ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆንማ ኖሮ «ይሄ እኛን አይመለከትም» ብላችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ትሰሙኝ ነበር።

ይህ መምህር ብዕር ይችላል። በሰፈሩ ሰው ሲሞት፣ ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የሚጽፈውም የሚያነበውም እሱ ነው። እድሩ ገና ድንኳን ሳይተክል ወደ እሱ ሰው ይልካል። ለምን? ያያላ! በረንዳው ላይ ወንበሩን አውጥቶ ይቀመጣል፤ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን ከማን እንደታረቀ ያውቃል። ግን አያማም። «እኔ በሰው ነገር አልገባም፤ በሰውም ላይ አልፈርድም» ይላል። በዚህም ይኮራ ነበር። እናንተስ አትኮሩም? እኔ እኮራለሁ።

ፊት ለፊቱ ምንውየለት የሚባል ሰው ይኖር ነበር። የጭነት መኪኖች ያሉት፣ ደግ፣ ሚስትም ልጅም የሌለው። እሑድ እሑድ ቤቱ ሰው ይሞላል። የማያውቀው ሰው ሳይቀር ገብቶ ይበላል፣ ይጠጣል፣ የተረፈውን ቋጥሮ ይሄዳል። መምህሩም ይጠራል፤ ይሄዳል፤ ጥግ ይዞ ይቀመጥና ሰዉን ያያል።

ምንውየለት አንዲት እህት አለችው፤ እማዋይሽ ትባላለች፤ ኑሮዋ ደብረ ማርቆስ ነው። አንድ ጊዜ ወንድሟን ልትጠይቅ መጥታ ስትመለስ መምህሩ ዘንድ ጎራ አለች። ስልኳን በወረቀት ጽፋ ሰጠችው።

«ጋሼ፣ እሱ ስደውልለት ሁልጊዜ ደህና ነኝ ነው የሚለኝ። ቢታመምም አይናገርም። እርስዎ ቅርብ ነዎት፤ ካመመው ይደውሉልኝ። አደራ።»

«ምን ችግር አለው ልጄ፣ አታስቢ» አላት።

አደራ ነው ያለችው። አደራ ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት የለብኝም።

ዓመት ቆይቶ ምንውየለት ታመመ። ስኳር ነው። መኪኖቹ አንድ በአንድ ተሸጡ። የእሑዱ ሰውስ? እንጃ፤ የት እንደገባ እሱ ይወቀው። መምህሩ ግን በረንዳው ላይ ነው። ሲከሳ ያያል። ግድግዳ ይዞ ሲራመድ ያያል። ልደውልላት ይልና «ራሱ ያልነገራትን እኔ ምን አግብቶኝ? ቅር ቢለውስ?» ብሎ ይተወዋል። ላንኳኳ ይልና «ማረፍ ፈልጎ ይሆናል» ብሎ ይቀመጣል። ሁሉም ጨዋ ምክንያት ነው፤ አንዱም አያስነቅፍም። እንዲህ እንዲህ ሲል ሦስት ወር አለፈ።

አንድ ረቡዕ ምንውየለት ሸሚዙን አጥቦ ገመድ ላይ ሰቀለ። ሐሙስ ሸሚዙ እዚያው ነው። ዓርብም። ቅዳሜ ዝናብ መታው። እሑድም እዚያው። ሰኞ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ መጣ። ቢያንኳኳ መልስ አጣ፤ ገፋ ሲያደርገው በሩ ክፍት ነበር። ምንውየለትን ወለሉ ላይ ወድቆ አገኘው። ትንፋሹ ነበረች። ሆስፒታል አደረሱት፤ ከሰዓት በኋላ ዐረፈ።

ያን ጊዜ መምህሩ ያቺን ወረቀት አውጥቶ ደወለ። መቼም በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ስለዚህ እንደ ደንቡ «ወንድምሽን ትንሽ አሞታል፤ ቶሎ ነዪ» አላት።

አያችሁልኝ? ሰውየው ሦስት ወር ሲታመም «አሞታል» ያላለ ሰው፣ ሲሞት «አሞታል» አለ! እማዋይሽ አምናው ለበሽተኛ ወንድሟ ብርቱካን ገዝታ መጣች። ድንኳኑን ስታይ ነው የገባት።

በቀብሩ ላይ መምህሩ አነበበ። እንዴት ያለ ጽሑፍ መሰላችሁ! ያ ሁሉ እንግዳ፣ ከዚያ ጭር ያለው ግቢ። «ሸሚዙ አምስት ቀን ሙሉ ከገመዱ አልወረደም፤ ለምን ብሎ የጠየቀም አልነበረም» ሲል ሕዝቡ በለቅሶ ተናወጠ። ወረቀቱን ኋላ ላይ ለእኔ አሳይቶኛል። ሦስት ገጽ ነው። በሦስቱ ገጽ ውስጥ «እኔ» የሚል ቃል የለም።

ከቀብር መልስ እማዋይሽ አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፤ ጥሩ አድርገው ጽፈውለታል። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አምስት ቀን መሆኑን በምን አወቁ?»

«ከበረንዳዬ ይታየኛል» አላት።

«ቆጠሩት?»

ያነበበውን ጽሑፍ አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«እኔ እኮ ቢደውሉልኝ በዚያው ቀን እደርስ ነበር» አለች። አልጮኸችም። ብርቱካኑን ለለቀስተኛ ልጆች አከፋፈለችና ሄደች። «ምነው በሰደበችኝ» አለኝ መምህሩ ይህን ሲነግረኝ። ከዚያ ወዲህ የማንንም የሕይወት ታሪክ አላነበበም።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። በሰፈራችሁ የታመመው ማን ነው? ባሏ ጥሏት የሄደባት ማን ናት? ታውቃላችሁ! ከነዝርዝሩ ታውቃላችሁ። «አየኸው እንዴት እንደከሳ?» ተባብላችኋል። «ያሳዝናል» ብላችኋል። ማየታችሁ ለዚያ ሰው ምን ፈየደለት? አልፈረድንበትም ትሉኛላችሁ። ባትፈርዱበት ምን ተረፈው? እግዚአብሔር ዓይን የሰጠን ታዛቢ እንድንሆን ነው?

አሁን አንዳንዶቻችሁ ዓይናችሁን ስትጠርጉ አይቻለሁ። በቀብሩም ላይ ተለቅሷል።

እኔንም አትማሩኝ። ይህን ምሳሌ ሳሳምር ሳምንት ሙሉ ተቀምጫለሁ። ከእኔ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለ ወንድም ደግሞ አልጋ ላይ ከዋለ አራተኛ ወሩ ነው። እግሩ ማበጡን አውቃለሁ። ሐኪሙ ምን እንዳለው አውቃለሁ። ቤቱን ግን አልረገጥኩም፤ ሥራ በዛብኝ ስል ነው የከረምኩት። ጨዋ ምክንያት ነው መቼም።

ስብከቱ ገና ሁለት ነጥብ ይቀረው ነበር፤ ይቅር። የመዝጊያውን ጸሎት ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ይምሩልን። እኔ አሁን እሱ ዘንድ እየሄድኩ ነው። እናንተም የማን በር እንደሆነ ታውቁታላችሁ።